ብርቄ ድንበር ልትሻገር ነው

«የአባቴ ፓስፖርት ያለ እኔ አይሠራም!» አለች ብርቄ፣ እንስራዋን ቦኖው ሥር ደቅና፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ ሰክታ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ይሰሟት ዘንድ ድምጿን እንደ ገበያ ለፋፊ ከፍ አድርጋዋለች። «ወረቀቱ የሚወጣው ለሁለት ነው፤ ለእሳቸውና ለእኔ። ኬንያ! ከሞያሌ ወዲያ! አንቺ ሳሌሃ፣ ሰባተኛ ክፍል ደርሻለሁ ትያለሽ እንጂ እዚህ ቅርባችን ያለችውን ጥያን እንኳ የምታውቂያት በስም ነው።»

ሳሌሃ የበርበሬ ነጋዴው የአቶ ሀቢቡ ልጅ ናት። ከብርቄ ጋር አንደኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጡት። ብርቄ አምስተኛ ላይ «በቃሽ፣ እናትሽን አግዢ» ተብላ ስትቀር እሷ ቀጠለች። ዘንድሮ ተማሪው አድሞ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ እሷም ውሃ ትቀዳለች፤ የምትቀዳው ግን ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋ ነው። ብርቄ ደግሞ በዚህች ከተማ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ያቺን ሸራ ጫማ ዓይኗ እንዲያያት አትፈልግም፤ ግን ሌላ ነገር አያይላትም። ሳሌሃ ሻሿን መለስ አድርጋ፣ «ወላሂ፣ አባባ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ አባትሽ የሚሄዱት ለአደን ነው» አለች በዝግታ። «አንቺ ደግሞ ለምንድን ነው የምትሄጅው? ለአንበሳው ማባበያ?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ብርቄ ምላሷ ጤፍ የሚቆላ ልጅ ናትና አልተበገረችም። «እኔን ይበላ ይሆናል፤ አንቺን ግን አንበሳ አይደፍርሽም፤ በርበሬሽ ያስነጥሰዋል» አለችና እንስራዋን አዝላ ሄደች። ከኋላዋ ሳቁ ወደ ማን እንደዞረ ለመስማት ጆሮዋን ጥላ ነበር የምትራመደው።

ጉራው ግን ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። ትናንት ወደ ማታ የሙሴ ኮስታ ሹፌር ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ሙሴ ኮስታ የዱቄት ፋብሪካ ያለው ግሪክ ነው፤ በጋ በመጣ ቁጥር አባቷን አቶ ሽባባውን ዱካ ፈላጊ አድርጎ ወደ ቆላ ለአደን ይወርዳል። ዘንድሮ ያሰበው ከወትሮው የራቀ ነው፤ በላንድሮቨር ሞያሌን ተሻግሮ፣ ኬንያ ገብቶ ጎሽ ሊገድል። ሹፌሩም «ጋሽ ሽባባው ጉዳያቸውን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ያስጀምሩ፤ የቀረውን ፓስፖርትና ቪዛ ሙሴ አዲስ አበባ ይጨርሰዋል» የሚል መልእክት ነበር የያዘው። ብርቄ ጓሮ ድስት ስታጥብ፣ አባቷ ከአጥሩ ውጪ ቆመው ለሹፌሩ የሚመልሱትን ሰማች። «ለሙሴ ንገርልኝ። ብርቄን ሳልይዝ ድንበር አልሻገርም። ለእኔ ቢዛ የሚወጣ ከሆነ ለእሷም ወረቀቷ ይውጣላት። ያለ እሷ እኔ ምኔ ሰው ነው?» ድስቱ ከእጇ አምልጦ ተንከባለለ። እኒህ ሰውዬ ቤት ውስጥ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ «አንቺ ልጅ» ነው የሚሏት። ውሃ አምጪ ሲሉም፣ ሲቆጡም፣ ስትታመም ግንባሯን ዳስሰው «ተኛች?» ብለው እናቷን ሲጠይቁም ያው «ልጅቷ» ናት። አሁን ግን ለባዕድ ሰው፣ ያውም ለሹፌር፣ ስሟን በግልጽ ጠርተው ያለ እሷ ሰው አይደለሁም አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ኬንያ የሚባለውን አገር በሐሳቧ ስትዞር አደረች።

እንስራዋን አውርዳ ስትገባ እናቷ ወይዘሮ ፀዳለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የብርቄን ልብስ ታጥፋለች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ለሁለት የከፈለው የአቡጀዲ መጋረጃ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው የአባቷ ነው። እዚያ ከአልጋው ራስጌ፣ ሁለት የሳላ ቀንድ ግድግዳው ላይ ተተክሎ፣ ምንሽር ጠመንጃቸው ተጋድሞበታል። ነጭ ነጠላ ለብሷል። የእናቷ ነጠላ ሁለት ቦታ ተጥፏል፤ የምንሽሩ ግን የዘንድሮ ፋሲካ ነው። አቶ ሽባባው እሁድ እሁድ አውርደው በዘይት ያሹታል፤ ከአደን ሲመለሱ የራሳቸውን እግር ሳይታጠቡ መጀመሪያ እሱን ያስተኛሉ። ስም አይጠሩለትም፤ «ዕቃዬን አትንኩ» ብቻ ነው የሚሉት። እናቷ ግን ስም አውጥታለታለች፤ ጎረቤት ሲመጣ ወደ መጋረጃው በአገጯ እያመለከተች «ያቻት ጣውንቴ» ትላለች። ሰው ይስቃል። ፀዳለ አትስቅም።

የምታጥፈው ልብስ ለወልቂጤ ነበር። ወልቂጤ ያለችው አክስቷ ቡና ቤት ከፍታ ብርጭቆ የምታጥብ፣ አፍ ያላት ልጅ ስጡኝ ብላለች። የመጪው ሳምንት ገበያ ሲበተን ብርቄ ከነጋዴዎች ጋር በበቅሎ ተራራውን አቋርጣ፣ በጉብሬ በኩል አድርጋ ትሄዳለች፤ እንዲህ ነበር የተቆረጠው። በወር አራት ብር፣ ከነምግቧ። አክስቷ እጇ ፈጣን እንደሆነ ብርቄ ታውቃለች፤ ብርጭቆ ለማጠብ ብቻ አይደለም የሚፈጥነው።

«ተይው አትጠፊው፤ ወልቂጤ አልሄድም» አለች ብርቄ። «ኬንያ ነኝ።»

ፀዳለ ቀሚሱን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀና አለች። «ማን አለሽ?»

«ራሳቸው። ብርቄን ሳልይዝ አልሻገርም ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።»

እናቷ አፏን ከፈተች። የሆነ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ወደ መጋረጃው አየች፣ ወደ ልጇ አየች፣ ከዚያ አፏን ገጠመችና ማጠፏን ቀጠለች። «አባትሽ ያሉሽን ስሚ፤ ያላሉሽን አትስሚ» አለች ብቻ። ቅናት ነው፣ አለች ብርቄ በልቧ። እሷን ከዓለም ገና ወዲያ ወስደዋት ስለማያውቁ ነው።

በዚህ መካከል አቶ ሽባባው ከውጪ ገቡ። ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከሠራዊቱ የተሰናበቱበትን ኒሻን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ምንሽሩን ከነነጠላው አወረዱና ሳይዞሩ፣ «አንቺ ልጅ፣ ተነሺ። ጽሕፈት ቤት ትፈለጊያለሽ» አሉ። ብርቄ እናቷን በዓይኗ «አላልኩሽም?» አለቻት። የበዓል ቀሚሷን ለመልበስ፣ ጸጉሯን ቅቤ ለማስነካት፣ ያንኑ የላስቲክ ጫማዋን በእርጥብ ጨርቅ ለመወልወል ያጠፋችው ጊዜ፣ አባቷ ደጅ ቆመው አንድ ሲጋራ ለማጨስ ከሚፈጅባቸው አልበለጠም።

መንገዱ አቧራ ነው። አባቷ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ሰው ሁሉ «እንደምን አደሩ ሻለቃ» ይላቸዋል፤ ሻለቃ ሆነው አያውቁም፤ ግን አያርሙም። ከአቶ ሀቢቡ ሱቅ ደጃፍ ሲደርሱ ሀቢቡ በርበሬ የሚመዝኑበትን ሚዛን አስቀምጠው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወጡ። «አሰላሙ ዐለይኩም ሽባባው! ያው ዋስህ መጣሁ። ከጠፋህ ሱቄ ነው የሚታሸገው፤ እንዳትጠፋ» አሉ እየሳቁ። ዋስ ያስፈልጋል ተብሎ ነበር፤ አገር ለቆ ለሚወጣ ሰውም፣ አገር ለቆ ለሚወጣ መሣሪያም። ከሀቢቡ ኋላ ያቺ ነጭ ሸራ ጫማ ብቅ አለች። «ጉድሽን ልይ ብዬ ነው» አለች ሳሌሃ ጎኗን ጠቅ አድርጋ።

«ታያለሽ፤ ጽፈውኝ ስታዪ ትወድቂያለሽ።»

ጽሕፈት ቤቱ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ረዥም ቤት ነው። ጸሐፊው አዳነ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ተቀይሮ የመጣ፣ ጸጉሩን ያጎፈረ፣ ቡታጅራን እንደ እስር ቤት የሚቆጥር ወጣት ነው። ከታይፕ መኪናው ኋላ ሆኖ የአባቷን ፎቶ ሲያይ ጎፈሬው ተነቃነቀ። አቶ ሽባባው በፎቶው ላይ አንድ እግራቸውን ወደፊት ጥለው፣ ምንሽራቸውን ደረታቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል።

«ጋሽ ሽባባው፣ ጉርድ ፎቶ ነው የተባሉት። ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ፊት ብቻ ነው።»

«እና ግማሼን ቆርጠህ ልትጥል?»

«ግማሽዎን አይደለም፤ ጠመንጃውን ነው።»

«እሱኑ ነው የምልህ» አሉ አቶ ሽባባው።

አዳነ በመቀስ ቆረጠ። የተቆረጠውን አባቷ ከጠረጴዛው አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት። ብርቄ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ለአንድ ጊዜ አንድ ብር ከስሙኒ ነው የሚቀበለው፤ ያን ገንዘብ አባቷ ለራሳቸውና ለብረታቸው ከፍለዋል። ለልጅ ፎቶ አይለጠፍ ይሆናል፣ ስሟ ብቻ ይጻፋል፣ ብላ ራሷን አጽናናች። ሳሌሃን ላለማየት የግድግዳውን የንጉሡን ፎቶ ትኩር ብላ አየች።

አዳነ የትውልድ አገር ጠየቀ፣ ዕድሜ ጠየቀ፣ ሥራ ጠየቀ። እጁ እንደ ዝናብ የታይፑን ፊደል ያዘንበዋል። ከዚያ ቆም አለና፣ «አብሮዎት የሚሄደውስ?» አለ።

«አለች እንጂ! ያለ እሷ አልሄድም ብዬ የለ!»

ብርቄ ቀሚሷን ወደታች ሳብ አድርጋ አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበች። ሳሌሃን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። አዳነ ግን ቀና ብሎም አላያትም፤ ከመሳቢያው ሌላ ቅጽ አውጥቶ፣ ካርቦን አስገብቶ፣ መኪናውን አዙሮ፣ «እሺ። የመሣሪያው ስም?» አለ።

 አቶ ሽባባው የጣሪያውን ቆርቆሮ ቀና ብለው አዩት። አዳነ ደግሞ ጠየቀ። ሽማግሌው ጭንቅ የያዛቸው ይመስል ግንባራቸው ወረዛ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሡና፣ «ና ውጣ» አሉት። «የት?» «ውጪ ነዋ! እዚህ አይባልም።» እንደ እሳቸው ያለ አዳኝ የጠመንጃውን ስም ጣሪያ ሥር አይጠራም። አውሬ የወደቀ እንደሆነ በሜዳ፣ በሰማይ ሥር ይጠራል፤ ቤት ውስጥ የተጠራ ጠመንጃ ይከሽፋል ይባላል። አዳነ ይህን ከየት ያውቀዋል? እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ እየገረመው ተከትሏቸው ወጣ፤ ሀቢቡም ወጡ። አቶ ሽባባው ከግራሩ ሥር እንኳ አልፈው፣ ራቁት ሰማይ ፈልገው ቆሙ። ወደ ጸሐፊው ጆሮ ጠጋ ብለው ሹክ አሉት። ግን ሠላሳ ዓመት ወታደር የነበረ ሰው ሹክሹክታ ገበያ ድረስ ይሰማል።

«ብርቄ!»

«አቤት አባባ!» ብላ ብርቄ ከቢሮው እየሮጠች ወጣች።

ፊታቸው ቆመች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። አባቷ ዞረው አዩዋት፤ አስተያየታቸው አንድ የማያውቁት ሰው ባልተጠራበት ድግስ የገባባቸው ዓይነት ነበር። አዳነ አንዴ እሷን፣ አንዴ ነጠላ የለበሰውን ምንሽር አየና እንደ ገባው ወገቡን ይዞ ሳቀ። «ጋሽ ሽባባው፣ ስሟ ማለት እኮ ዓይነቷን ነው! ምንሽር፣ አልቢን፣ ቤልጅግ! የክርስትና ስሟን ማን ጠየቀዎት!» ሀቢቡ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠባቸው። ሳሌሃ ሻሿን አፏ ውስጥ ልትከት ምንም አልቀራት። ብርቄ እዚያው ቆመች። የገባት ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ እግሯ ጋ፣ ከዚያ ሆዷ ጋ፣ መጨረሻ ፊቷ ጋ ደረሰ። ድንበር የምትሻገረው ብርቄ፣ አባቷ ያለ እሷ ሰው አይደለሁም ያሉላት ብርቄ፣ ወረቀት የሚወጣላት ብርቄ፣ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥላ ነበር። እሷ ደግሞ ወልቂጤ፣ በበቅሎ።

ተመልሰው ገቡ። አዳነ ዓይኑን እያበሰ «ምንሽር» ብሎ ጻፈና ቁጥሯን ፈለገ። ቁጥሯ ከቃታዋ በላይ ብረቱ ላይ ነው የተመታው፤ ተበልቷል፣ ቅባት ሞልቶታል፤ አዳነ ዓይኑን ቢያጠብም አልታየው አለ። «ለዚህ ነው ልጅቷን ያመጣኋት» አሉ አቶ ሽባባው ኮራ ብለው። «አምስተኛ ክፍል ደርሳለች። ዓይኗ ንስር ነው። አንቺ ልጅ፣ ያዣት።»

ነጠላው ተገፈፈ። ብርቄ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣውንቲቱን በእጇ ያዘች። ከባድ ናት። ትቀዘቅዛለች። የዘይትና የትምባሆ ሽታ፣ የአባቷ ሽታ አላት። ሰደፏ ላይ፣ አባቷ ሲያነጣጥሩ ጉንጫቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ፣ እንጨቱ ከመታሸት ብዛት እንደ መስታወት ያበራል። ብርቄ ያቺን የምታበራ ቦታ አየቻት። ስንት ዓመት፣ ስንት ሺህ ጊዜ ነው ያ ጉንጭ እዚህ ያረፈው? እሷን በፋሲካ እንኳ የሚስሟት ግንባሯን ነው፤ እሱም ቸኩለው።  ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች፤ አዳነ ይመታል። የመጨረሻዋ ላይ ደረሰች። አንድ ነበረች፤ ቀጥ ያለች፣ የማታጠራጥር አንድ።

«ሰባት» አለች ብርቄ።

ታይፑ «ጠቅ» አለ። እዚሁ ትቅር፣ አለች በልቧ። ድንበር ላይ ይመልሷት። ቡታጅራ፣ ቀንድ ላይ ተጋድማ ትበስብስ።

ቴምብሩ ተለጠፈ፤ ማኅተሙን የያዙት ሹም ግን ቆልፈውበት ለምሳ ሄደው ኖሮ ከምሳ በኋላ ተመለሱ ተባሉ። ገበያው ዳር ወዳለችው ሻይ ቤት ሄዱ። ክርስቲያንና እስላም አብሮ ሲሆን ሥጋ አይታዘዝም፤ ሻይና ዳቦ ነው፤ ሻዩ አሥር ሳንቲም፣ ዳቦው አምስት። አቶ ሽባባው ምንሽሯን አንድ ወንበር ሰጧት። ወንበር አነሰና ብርቄ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «ለእሷም ሻይ ይቅዱላት እንጂ» አለች ሳሌሃ በብርቄ ጆሮ። ሀቢቡ ሻያቸውን በማንኪያ እያማሰሉ ወሬ ጀመሩ። «ወረቀት ጥሩ ነገር አይደለም ሽባባው። የሶዶ ሰው ነው፣ የማውቀው፤ አምና ከነመሣሪያው ሞያሌ ላይ ደረሰ። ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር በአንዲት አኃዝ አልተስማማም። የተሰረቀ ነው፣ አሉት። ይኸው እስከ ዛሬ እስር ቤት ነው፤ ሚስቱ ስንቅ ትልካለች። ዋሱም ቤቱን ሸጠ።»

 «ጠመንጃዋስ?» አለች ብርቄ። «ጠመንጃዋን ምን አደረጓት?»

«እሷማ ምን ትሆናለች!» አሉ ሀቢቡ። «መንግሥት ግምጃ ቤት ገባች። ቅባቷን እየተቀባች ትኖራለች። ብረት ይታሰራል እንዴ? የሚታሰረው ሰው ነው።»

 አቶ ሽባባው ዳቦአቸውን ለሁለት ቆረሱና ትልቁን ቁራሽ፣ ሳያዩዋት፣ ብርቄ ፊት አስቀመጡት። ከዚያ ሻያቸውን ፉት አሉ። ያቺ ቁራሽ ዳቦ ብርቄን ከምንሽሩ ይልቅ ከበደቻት። የሞያሌ እስር ቤት ታያት፤ አባቷ ኒሻናቸውን አድርገው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሀቢቡ ሱቅ ሲታሸግም ታያት፤ ሳሌሃ ሸራ ጫማዋን አውልቃ፣ ባዶ እግሯን። ይህኛው ለአንዲት ቅጽበት ደስ አላት፤ ደስ ማለቷ ራሱ አስደነገጣት። ዳቦዋን አስቀምጣ ተነሣች። «የት ነው?» ሲሏት አልሰማችም፤ አቧራውን ሰንጥቃ ትሮጣለች።

ሹሙ ገብተዋል። ማኅተሙ ከመሳቢያው ወጥቷል። አዳነ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሹሙ በር ሲያመራ ኮቱን ከኋላ ያዘችው። «የመጨረሻዋ ሰባት አይደለችም! አንድ ናት!»

«ምን?»

«አንድ። አንድ ናት።» አባቷና ሀቢቡ እያለከለኩ ደርሰው ከበሩ ቆመዋል። አዳነ ወረቀቱን አየ፣ የለጠፈውን ቴምብር አየ፣ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «አንቺ ልጅ፣ ተሳስተሽ ነው?» አላት አዳነ።

አዎ ብትል ያልቅ ነበር። ቁጥሩ የተበላ ነው፤ ማንም ያምናታል። ግን አባቷ «ዓይኗ ንስር ነው» ብለዋል፤ ከዛሬ ቀን የተረፈላት ይህ ብቻ ነበር፤ እሱንም በገዛ አፏ ልትጥለው አልቻለችም። «አልተሳሳትኩም። አውቄ ነው» አለች።

 ሀቢቡ «አስተግፊሩላህ» ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ። ሳሌሃ እንኳ አልሳቀችም። አቶ ሽባባው ቀስ ብለው ከኪሳቸው የአዲስ ቴምብር ገንዘብ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ለአዳነ፣ «ጻፍ» አሉት።  አዳነ እያጉረመረመ ከአናቱ እንደገና ጻፈ፤ ሹሙ አተሙ፤ ማኅተሙ ጠረጴዛውን ሲመታ ብርቄ እሷን የመታት ያህል ዓይኗን ጨፈነች።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷ ምንሽሯን ከብርቄ በራቀው ትከሻቸው አንግተዋል። እንዳልነካት ነው፣ አለች በልቧ። አይሰድቧትም፣ አይመቷትም፣ አያዩዋትም። ቢመቷት ደስ ባላት ነበር፤ በጥፊ ውስጥ ቢያንስ የሰው እጅ አለ። ሰላምታ የሚሰጣቸው ሰው ቀጥሏል፤ «ሻለቃ፣ ወረቀቱ ተሳካ?» «ተሳካ።» ሀቢቡ ሱቃቸው ጋ ተሰናብተው ሲገቡ ሳሌሃ እንስራ ይዛ ወጣችና ወደ ቦኖው ቀደመች። የብርቄ አባት ቀደም ብለው ወደ ግቢው ዘለቁ። ብርቄ ከአጥሩ ደጃፍ ስትደርስ የጠዋቶቹ ሴቶች ከቦኖ ሲመለሱ ተገጣጠሙ። ቡታጅራ ወሬ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል።

«ብርቄ፣ ፓስፖርትሽ ወጣልሽ?» አለች አንዷ።

«አቤት አባባ! በይልን እስቲ» አለች ሌላዋ፣ አሯሯጧን እያስመሰለች። ሳሌሃ መሬት መሬት ታያለች፤ የነገረቻቸው እሷ ናት።

ብርቄ ለአንድ አፍታ ልታለቅስ ነበር። ዓይኗ ሞልቷል። ግን ሌላዋ ብርቄ በላንድሮቨር ስትሄድ እሷ እዚህ ከእነዚህ ጋር ናት፤ በሳምንቱ ደግሞ ወልቂጤ። ስለዚህ እንባዋን ወደ ውስጥ ሳበችና፣ እጇን እንደ ጠዋቱ ወገቧ ላይ ሰካች። «ሳቁ፣ ሳቁ!» አለች። «እስቲ ከእናንተ መካከል አባቷ የሚወዱትን ነገር በስሟ የሰየሙላት ማን አለች? ሳሌሃ፣ ያንቺ አባት ሚዛናቸውን «ሳሌሃ» ብለው ጠርተውት ያውቃሉ? የአህያቸውንስ ስም? የእኔ አባት ግን ጫካ ሲገቡ፣ ከእኔ ሲርቁ፣ ስሜ ከአፋቸው እንዳይጠፋ ብለው ነው ለጠመንጃቸው ያወጡት! ጎሽ በወደቀ ቁጥር የሚጠራው የማን ስም ነው? የእኔ! ኬንያ የሚጠራው የማን ነው? የእኔ! እኔ ባልሄድ ስሜ ይሄዳል!»

 ሴቶቹ ይህን አልጠበቁም ነበር። አንዷ «እውነቷን ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ። ሳሌሃ ቀና አለች፤ ዓይኗ ውስጥ ብርቄ በዚያ ሁሉ ዓመት አይታው የማታውቀው ነገር ነበር፤ ቅናት። ትንሽ፣ ግን ቅናት። ብርቄ ያቺን ትንሽ ነገር እንደ ማር ላሰቻት። ራሷም አመነችው። እንዴት እስካሁን አልገባኝም? ወደዋት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ከኋላዋ የአጥሩ በር ሲጥ አለ። አቶ ሽባባው ቆመዋል፤ ኮታቸውን አውልቀው፣ ምንሽሯን ግን ገና አላወረዱም። እናቷ ፀዳለ ከኋላቸው፣ የታጠፈ ቀሚስ እንደያዘች። አባቷ ወደ ሰማይ ቀና ብለው አዩ፤ ጣሪያ አልነበረም።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ዝም ብለሽ ግቢ። እኔ ያንቺን ስም ለእሷ አልሰጠሁም። የእሷን ስም ነው ላንቺ የሰጠሁት፤ እሱንም እናትሽ ለምናኝ፣ ለምናኝ ነው።»